የነጠላ ታካሚ ግራፍ ሲገጥማችሁ ከግራ ጀምሩ

መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያሉ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ከሆነ ጥናት ላይ ያነሱትን ግራፍ ያሳዩኛል። "ይሄ እንግዲህ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው?" ይሉኛል። እኔም ስማር ብዙ የተንገላታሁበት ጉዳይ ነው። አሁን ግራፍ ሲቀርብልኝ እንዴት እንደማነበው በዝርዝር ልጻፍላችሁ። ስሌት የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አትሽሹ፤ አብዛኛው በማስመሪያና በእርሳስ የሚያልቅ ነው።

ለጀማሪዎች ያህል፣ የነጠላ ታካሚ ጥናት ማለት ብዙ ሰው ሰብስቦ ሁለት ቡድን ከማወዳደር ይልቅ አንድን ሰው ደጋግሞ መለካት ነው። ሕክምናው ሳይጀመር ትለካላችሁ። ይሄ ቤዝላይን ነው፤ ግራፉ ላይ "ኤ" ተብሎ ይጻፋል። ሕክምናው ሲጀመርም መለካቱ ይቀጥላል፤ ያ "ቢ" ነው። በመካከላቸው የቁም መስመር ይሰመራል። በተሃድሶ ሕክምና ይህ ዘዴ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት የስትሮክ ታካሚዎች አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ቀኝ ጎኑን ነው፣ ሌላዋ ግራ ጎኗን፤ እሱ ከታመመ አምስት ሳምንቱ ነው፣ እሷ ሁለት ዓመቷ፤ እሱ ስኳር አለበት፣ እሷ ደግሞ መናገር አቅቷታል። የእነዚህን ውጤት ደባልቆ አማካይ ቢያወጡት፣ አማካዩ አንዳቸውንም አይመስልም። እኛ አገር ደግሞ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ብዙ ታካሚዎች በአንድ ወቅት አግኝቶ፣ ሁሉም ቀጠሮ ሳያቋርጡ ጥናት መጨረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ክሊኒክ የሠራ ያውቀዋል።

ጣጣው ያለው ንባቡ ላይ ነው። ብዙ ጥናቶች ግራፉን አስቀምጠው "እንደሚታየው ታካሚው ተሻሽሏል" ብለው ያልፋሉ። ለማን ነው የሚታየው? በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዲፕሮስፔሮና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች የባህርይ ጥናት መጽሔቶችን ለሚገመግሙ ባለሙያዎች ግራፎች ሰጥተው ፍርዳቸውን አነጻጸሩ። የመስማማታቸው መጠን በአማካይ 0.61 ሆነ፤ 1 ቢሆን ፍጹም ስምምነት ነበር። እነዚህ እንግዲህ ግራፍ ማንበብ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። በእኛ ሙያም ሃርብስት፣ ኦተንባከርና ሃሪስ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ቴራፒስቶች አንድ ግራፍ አይተው የሚሰጡት ፍርድ እርስ በርሱ ብዙም እንደማይገጥም አሳይተዋል። ስለዚህ ከጓደኛችሁ ጋር ግራፍ ላይ ብትጨቃጨቁ አይግረማችሁ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ነጥቦቹን አይደለም፤ የቁሙ መስመር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ነው። የእርምጃ ፍጥነት ከ0 እስከ 1.2 ሜትር በሰከንድ በሚሄድ መስመር ላይ ሲሳል እምብዛም የማይታይ ለውጥ፣ መስመሩ ከ0.40 ተነስቶ 0.60 ላይ ሲያበቃ ጉድ ያሰኛል። ቁጥሩ ግን ያው ነው። አግድሙንም አትለፉት። "ቀጠሮ 1፣ ቀጠሮ 2" እያለ የሚሄድ ከሆነ በቀጠሮዎቹ መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ ግራፉ ይደብቃል። ታካሚው ለበዓል አገር ቤት ሄዶ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ እንኳ ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ይቀመጣሉ። እኔ ስስል ቀኑን ነው የማስገባው። አስቀያሚ ክፍተት ይተዋል፣ ይተው።

ከዚያ ወደ ግራ እሄዳለሁ፤ እዚያም ብዙ እቆያለሁ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ቀኝ ነው የሚሮጠው፣ ሕክምናው ያለው እዚያ ስለሆነ። ግን የሕክምናውን ምዕራፍ ብቻ አይቶ መወሰን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ሽምግልና እንደመቀመጥ ነው። ቤዝላይኑ የሚነግራችሁ ሕክምናው ባይሰጥ ኖሮ ይህ ሰው ወዴት ይሄድ እንደነበር ነው። ይህንን ካልነገራችሁ፣ በስተቀኝ ያሉት ነጥቦች ሰማይ ቢነኩ ትርጉም የላቸውም። ለዚህ ደግሞ በቂ ነጥብ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት ያቋቋመው፣ የትምህርት ጥናቶችን ጥራት የሚመዝነው ዋት ወርክስ ክሊሪንግሃውስ በ2010 ባወጣው መስፈርት በየምዕራፉ ቢያንስ 3 ነጥብ ይፈልግ ነበር፤ ያለ ቅሬታ ለማለፍ 5። ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው ቤዝላይን ካያችሁ ያንን ጥናት እንደ ታሪክ አንብቡት፣ እንደ ማስረጃ ግን አትያዙት።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ እኔው የሠራኋቸው ናቸው፤ የማንም ታካሚ አይደሉም። ስትሮክ ከመታው አምስት ሳምንት የሆነው ሰው ነው እንበል። 10 ሜትር አስሄደን ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ እንይዛለን። ቤዝላይኑ ላይ 7 ነጥብ አለ፦ 0.42፣ 0.45፣ 0.41፣ 0.46፣ 0.47፣ 0.45፣ 0.49። ከዚያ አዲስ የእርምጃ ልምምድ ተጀመረ፤ 8 ነጥብ ተለካ፦ 0.50፣ 0.52፣ 0.51፣ 0.54፣ 0.53፣ 0.56፣ 0.55፣ 0.58። እባካችሁ ባለ ካሬ ደብተር አውጡና ሳሉት። ማንበብ ብቻውን አይገባም።

ሥራ ቦታ ይህንን ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። አንጋፋው ባለሙያችን አፍታም አልቆዩ።

"ሁሉም እኮ ከላይ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?" አሉ።

አንዷ ወጣት ባልደረባችን ግን ግራፉን አዙራ አየችውና "ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ሕክምናው ሳይጀመርም እየወጣ ነበር" አለች።

ክርክሩ ከሻይ ሰዓት አልፎ ሄደ። ሁለቱም ያዩት ነገር ግራፉ ላይ አለ። አንጋፋው ያዩት ከፍታውን ነው፣ እሷ ያየችው አቅጣጫውን። ሂሳቡም ልክ እንደነሱ ነው የሚከፋፈለው።

የአንጋፋውን ወገን እናስላ። የቤዝላይኑ አማካይ 0.45 ነው። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ (ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) 0.0277፤ እጥፉ 0.055። አማካዩ ላይ ስንደምረው 0.505 ይመጣል። እዚያ ላይ አግድም መስመር አስምሩና እስከ ሕክምናው ምዕራፍ መጨረሻ ቀጥሉት። ሁለት ተከታታይ ነጥቦች ከዚህ መስመር ካለፉ "ለውጥ አለ" ይባላል። ሐሳቡ ዋልተር ሹዋርት በ1924 በአሜሪካው ቤል የስልክ ኩባንያ ውስጥ ለፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ካወጣው ግራፍ ጋር ዝምድና አለው። በእኛ ምሳሌ ከ8ቱ 7ቱ ያልፋሉ። አልፏል፣ ጨርሰናል። ሌላም መለኪያ አለ፤ ስክራግስ፣ ማስትሮፒየሪና ካስቶ በ1987 ያቀረቡት። ከቤዝላይኑ ከፍተኛ ነጥብ በላይ የሆኑት የሕክምና ነጥቦች ስንት በመቶ ናቸው? ይሄው ነው። ከፍተኛው 0.49 ስለሆነ ሁሉም ያልፋሉ፤ 100 በመቶ። በዚያ መለኪያ ልማድ ከ90 በላይ "እጅግ ውጤታማ" ይባላል።

አሁን የወጣቷን። ቤዝላይኑን ለሁለት ክፈሉት። 7 ነጥብ ስለሆነ የመሃሉን፣ አራተኛውን፣ ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከለኛ ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) 0.42 ነው፤ ቁጥር 2 ላይ አስቀምጡት። የመጨረሻዎቹ ሦስት መካከለኛ 0.47 ነው፤ ቁጥር 6 ላይ። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙና ወደ ቀኝ ቀጥሉት። መስመሩ በእያንዳንዱ ቀጠሮ 0.0125 ይወጣል። የሕክምናው የመጀመሪያ ቀን ላይ 0.495 ይደርሳል፣ የመጨረሻው ላይ 0.5825። አሁን ነጥቦቹን ቁጠሩ። 4 ከመስመሩ በላይ፣ 4 ከመስመሩ በታች! ሰውየው ምንም ባይደረግለትም በያዘው አካሄድ ቢቀጥል እዚያው ይደርስ ነበር ማለት ነው። አንዳንድ መማሪያዎች ደግሞ መስመሩን የቤዝላይኑ ነጥቦች ግማሽ በግማሽ እስኪሆኑ ድረስ ከፍ አድርጉት ይላሉ። እንደዚያ ካደረግን ይብሳል። ከ8ቱ አንዱም መስመሩን አያልፍም፤ አንዱ ብቻ ልክ መስመሩ ላይ ያርፋል።

በ2011 የወጣ ታው-ዩ የሚባል መለኪያም አለ። የቤዝላይኑን አቅጣጫ ያርማል ስለሚባል ብዙ ተማሪ እሱን ይመርጣል። እናስላው። ቤዝላይኑንና ሕክምናውን ነጥብ በነጥብ ስናወዳድር 56 ጥንድ አለ፤ በሁሉም ሕክምናው ይበልጣል። የቤዝላይኑ የራሱ ሽቅብታ (ነጥቦቹን እርስ በርስ ጥንድ ጥንድ አድርገን ከወጡት ላይ የወረዱትን ስንቀንስ) 12 ነው። 56 ሲቀነስ 12፣ 44፤ ለ56 ሲካፈል 0.79። ይሄም ትልቅ ውጤት ነው የሚባለው። "ታርሟል" የተባለው ቁጥር እንኳን መስመሩን ቀጥለን ካየነው ጋር አይገጥምም፣ ምክንያቱም የሚቀነሰው የቤዝላይኑ ጥንዶች ብዛት ነው እንጂ መስመሩ ወደፊት የሚሄድበት ርቀት አይደለም። ቤዝላይኑ አጭር ሲሆን የሚቀነሰው ትንሽ ነው፤ ሕክምናው ሲረዝም ደግሞ የሚካፈልበት ይበዛል።

አንድ ግራፍ፣ ሦስት መልስ፤ 100 በመቶ፣ 0.79፣ እና ዜሮ። ይህንን ያየሁ ቀን ነው ጥናት ሳነብ "የትኛውን መለኪያ ተጠቀሙ?" ብቻ ሳይሆን "ይህንን ለምን መረጡ?" ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። ኑርባክሽና ኦተንባከርም በ1994 የተለያዩ የስሌት ዘዴዎችን በተመሳሳይ ግራፎች ላይ ሞክረው ውጤታቸው ብዙ ጊዜ እንደማይስማማ ጽፈዋል።

ታዲያ የኛ ሰውዬ ጉዳይ እንዴት ይፈረድ? እኔ ከወጣቷ ጎን ነኝ። ምክንያቱ ሂሳብ አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው። ስትሮክ ከደረሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ገደማ አእምሮ በራሱ ብዙ ይመለሳል። አምስተኛው ሳምንት ላይ ያለ ሰው ቤዝላይኑ ሽቅብ ቢሄድ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ወደፊትም ይቀጥላል ብሎ ማሰብ ትክክል ነው። ያው ግራፍ ከታመመ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ቢሆን ኖሮ ሽቅብታው ምናልባት ፈተናውን ከመልመድ የመጣ ነው፣ ቶሎ ይቆማል ብዬ እጠረጥር ነበር። መስመሩን እስከ መጨረሻው መጎተትም ያን ጊዜ ያጠራጥራል፤ ማንም ሰው በቀጠሮ 0.0125 እየጨመረ ለዘላለም አይሄድም። ግራፉን ስታነቡ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን "ከታመመ ስንት ጊዜው" የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ አዘጋጆቹ ቢጠየቁ ይሻላል።

በተቃራኒው የሚያሳስቱም አሉ። እየባሰ በሚሄድ በሽታ፣ ለምሳሌ ዱሼን የጡንቻ መሳሳት ያለበት ልጅ፣ ቤዝላይኑ ቁልቁል ይሄዳል። ሕክምናው ሲጀመር መስመሩ ቢስተካከልና ባለበት ቢቆም፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ከከፍተኛው ነጥብ በላይ ስንት አለ የሚለው መለኪያ ግን 0 በመቶ ይሰጠዋል። ቤዝላይኑ ላይ አንዲት ያበደች ከፍተኛ ነጥብ ካለችም እንደዚያው፤ ያቺ አንዷ ነጥብ ጥናቱን በሙሉ ትገድለዋለች። እንዲሁም አንዳንዴ አማካዩ ሳይቀየር መዋዠቁ ብቻ ይቀንሳል። ዛሬ ቆማ ነገ የምትወድቅ እናት በየቀኑ እኩል መቆም ከቻለች ለቤተሰቧ ለውጡ ግልጽ ነው፤ አማካይ ግን አይነግራችሁም።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የጥናቱ አደረጃጀት ነው። ኤ እና ቢ ብቻ ያለው ግራፍ ምንም ያህል ቢያምር "በዚያው ሰሞን ሌላ ምን ተፈጠረ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሕክምናው የጀመረው ሁዳዴ አልቆ ታካሚው ጠዋት በልቶ መምጣት በጀመረበት ሳምንት ቢሆንስ? ጉልበቱ ከየት መጣ? ለዚህ ነው ለውጡ ቢያንስ 3 ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ሕክምናው ሲገባ ወይም ሲወጣ መታየት አለበት የሚባለው። እንደ ቁርጭምጭሚት ድጋፍ ያለ ነገር ከሆነ ማድረግና ማውለቅ ይቻላል፤ ሲደረግ ፍጥነቱ ይወጣል፣ ሲወልቅ ይወርዳል፣ እንደገና ሲደረግ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ብዙ አይከራከርም። የተማረ እንቅስቃሴ ግን በማቆም አይጠፋም። የእርምጃ ልምምድ አቁማችሁ ታካሚው ወደ ድሮው እንዲመለስ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ቢመለስም ያሳዝናል እንጂ አያስደስትም። እዚያ ላይ የሚሻለው ሦስት ታካሚዎችን ይዞ የሚጀምሩበትን ቀን ማራራቅ ነው። ሦስቱ ግራፎች አንዱ ከአንዱ በታች ይደረደራሉ። ስታነቡት ከላይ ወደ ታች እዩት፤ የመጀመሪያው ሰው ሕክምና ሲጀምር ገና ቤዝላይን ላይ ያሉት ሁለቱ ምን ሆኑ? እነሱም አብረው ከወጡ ሕክምናው አይደለም ያወጣቸው።

አንድ ቴክኒካል ነገር ልጨምር፣ ፈታኞች ስለሚወዱት። ነጥቦቹ ሁሉ የአንድ ሰው ስለሆኑ የዛሬው ልኬት ከትናንቱ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ መያያዝ የሁለቱን ምዕራፎች አማካይ የሚያወዳድረውን ተራ ቲ-ቴስት ያሳስታል፤ የሌለ ልዩነት አለ ያሰኘዋል። ከመስመሩ በላይ ያሉትን ቆጥሮ የሚሠራውን የባይኖሚያል ፈተናም እንዲሁ። ኤክሴል ላይ ቀላል ነው፦ ቁጥሮቹን በአንድ ረድፍ ዝቅ አድርጋችሁ ኮፒ አድርጉና የሁለቱን ዓምዶች ኮሪሌሽን (አብረው የመሄዳቸውን መጠን) አውጡ። ውጤቱ 2ን ለነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍላችሁ ከምታገኙት ከበለጠ መያያዝ አለ ይባላል። ግን ተጠንቀቁ። ለ7 ነጥብ ያ ገደብ 0.76 ገደማ ነው። እጅግ ከፍተኛ ካልሆነ በቀር አይታይም ማለት ነው። "ፈትሸን አላገኘንም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በ7 ነጥብ ላይ ብዙም አያረጋጋኝም።

እንግዲህ ለውጡ የሕክምናው ነው ብላችሁ ብታምኑም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ለታካሚው ይጠቅማል ወይ? በ2006 ፔሬራና ሌሎች ተመራማሪዎች በእድሜ የገፉ ሰዎችን የእርምጃ ፍጥነት አጥንተው 0.05 ሜትር በሰከንድ ትንሽ ግን ትርጉም ያለው ለውጥ፣ 0.10 ደግሞ ከፍ ያለ ለውጥ ነው ብለዋል። የኛ ምሳሌ አማካዩ ከ0.45 ወደ 0.54 ገደማ ሄዷል፤ በሁለቱ መካከል ነው። ሰውየው በእርግጥ ተሽሎታል። ይህ አንዱ ጥያቄ ነው። ያሻለው ማን ነው የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ የውይይት ክፍል ብዙ አንብቤያለሁ፣ መጽሔት ላይም ጭምር።

በመጨረሻ፣ የራሳችሁን ጥናት ለምትሠሩ። "ቤዝላይን እያልኩ ታካሚውን ሕክምና እንዴት ልከልክለው?" የሚል ጭንቀት ይመጣል፤ ትክክለኛ ጭንቀት ነው። እኔ የማደርገው የተለመደውን ሕክምና አላቆምም። ቤዝላይኑ "የተለመደው ሕክምና" ይሆናል፣ "ቢ" ደግሞ የተለመደው ላይ አዲሱ ሲጨመር። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ለክቼ እንደ ሦስት ነጥብ አልቆጥረውም፤ መካከለኛውን ወስጄ አንድ ነጥብ አደርገዋለሁ። ልኬቱን የሚወስደው ሰው ሕክምናውን የሚሰጠው ባይሆን ይመረጣል። ሰው ከሌላችሁ ቢያንስ ሰዓቱን የሚይዝ ተማሪ አስቀምጡ፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳላችሁ አትንገሩት። ግራፉን ለታካሚው ማሳየት ደስ ይላል፤ ይለምኗችኋልም። ግን ነጥቡ እየወጣ መሆኑን ያየ ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ ነፍሱ እስክትወጣ ነው የሚራመደው። ስለዚህ የመጨረሻው ልኬት እስኪያልቅ አላሳይም፤ ከዚያ ግን አትሜ ነው የምሰጠው፣ ብዙዎቹ ቤት ወስደው ለልጆቻቸው ያሳያሉ።